የእናቲቱ ወዳጅና የሕፃኑ አባትነት፦ ከቴሌቪዥን ድራማ እስከ ሐመር መንደር

(በዲመካ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ በሚመች መልኩ የተስተካከለ)



ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ የዲመካ ገበያ የሚደምቅበት ቀን። ፍየል ሊሸጥ፣ ማሽላ ሊሸምት፣ ማርና ቅቤ ይዞ ሩቅ መንገድ የመጣ ሰው ሁሉ ጊዜው ውድ ነው። ስለዚህ ገበያው ሳይሞቅ ንግግሬን ለመጨረስ እሞክራለሁ። ንግግሬን ወደ ሐመርኛ ለሚመልስልን ወንድማችንም አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ ምክንያቱም የዛሬው ርእሳችን በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚያልቅ አይደለም።

ርእሱ በአጭሩ ይህ ነው። አንድ ወንድ አንዲትን ሴት ይወዳል። ሴቲቱ ከሌላ ሰው የወለደችው ሕፃን አላት። ይህ ወንድ ለሕፃኑ ምኑ ነው? አባቱ ነውን? ባዳ ነውን? ወይስ በሁለቱ መካከል ስም ያልተሰጠው ሌላ ቦታ አለ?

አንዳንድ ተማሪዎች «እንዲህ ያለ ከባድ ጥያቄ ለምን በቴሌቪዥን ድራማ ይጀመራል?» ብለው ጠይቀውኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ በኋላ፣ ሰው በየቤቱና በየሻይ ቤቱ ተሰብስቦ የማያውቃቸውን አገሮች ሰዎች የቤት ውስጥ ጉዳይ ይከታተላል። ማታ ያየውን ጠዋት ይከራከርበታል፤ «እሱ ልጇን እንደ ልጁ ቢያይ ኖሮ!» «ያልወለደውን እንዴት ይቆጣል?» ይባባላል። በክርክሩ ውስጥ ሰው የሚናገረው ስለ ድራማው ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን የራሱን ማኅበረሰብ ደንብ እየተናገረ ነው። ለዝምድና ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ቃላችን ምን ይነግረናል?

በመጀመሪያ አማርኛችንን እንጠይቅ። የእናትን ባል «የእንጀራ አባት»፣ የሚስትን ልጅ «የእንጀራ ልጅ» እንላለን። ቃሉን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ትርጉሙ ክብር አለው፤ በደም ያልተሳሰሩ ሁለት ሰዎችን አንድ የሚያደርጋቸው እንጀራ ነው፣ ማለትም ማብላትና አብሮ መብላት ነው ይላል። አጠቃቀማችን ግን ቃሉን አቀዝቅዞታል። በተረቶቻችን የእንጀራ እናት ዘወትር ጨካኝ ናት፤ ከሁሉ ያነሰ ድርሻ የደረሰው ሰውም «እንደ እንጀራ ልጅ ታየሁ» ብሎ ያማርራል። ማብላትን የሚያመለክተው ቃል መነፈግን የሚያመለክት ሆኖ ቀርቷል።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። እንግሊዞች የእንጀራ ልጅን የሚጠሩበት ቃል በጥንታዊ ቋንቋቸው «ወላጅ የሞተበት» የሚል ፍቺ ነበረው። እነርሱ ቃሉን የመሠረቱት በልጁ ላይ በደረሰው ሐዘን ላይ ነው፤ እኛ የመሠረትነው በሚቀርብለት ማዕድ ላይ ነው።

አገራችን ከዚህም ሌላ ያልወለዱትን ልጅ የራስ ለማድረግ የሚያገለግሉ ሥርዓቶች አሏት። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል «የጡት አባት» እና «የጡት ልጅ» የሚባል ትስስር ነበር፤ ልጅ የሚሆነው ሰው በማር የተቀባ ጣት ወይም ጡት በመጥባት ዝምድናውን ያጸናል። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ጉዲፈቻ አለ፤ የዛሬው ሕጋችንም ያልወለዱትን ልጅ በሕግ ልጅ ማድረግን የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። በሁለቱም ሥርዓቶች ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አስተውሉ፤ ምስክር አለ፣ ቀን አለ፣ የሚደረግ ነገር አለ። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ የማን እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። የእንጀራ አባት ግን እንዲህ ያለ ቀን የለውም። የሚያገባው እናቲቱን ነው፤ ከልጁ ጋር ያለው ነገር ሳይነገር ይጀመራል፣ ብዙ ጊዜም ሳይነገር ያልቃል።

ቻርሊ እና አሮን

አሁን ወደ ድራማው እንሂድ። የመረጥኩት «ሎስት» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2004 እስከ 2010 በስድስት ምዕራፎች ተላልፏል። ታሪኩ ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲበር አንድ ደሴት ላይ ስለተከሰከሰ አውሮፕላንና ከአደጋው ስለተረፉ ሰዎች ነው። ለዛሬው ጉዳያችን የመረጥኩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ደሴቱ ላይ ዘመድ የለም፣ ሽማግሌ የለም፣ ፍርድ ቤት የለም። ወንዱ፣ እናቲቱና ሕፃኑ ብቻቸውን ናቸው። ስለዚህ ግንኙነታቸው ሌላ ሳይጋርደው ይታያል።

ክሌር የምትባል ወጣት አለች፤ ልትወልድ የተቃረበች እርጉዝ ናት። የፅንሱ አባት ትቷት ሄዷል፤ እርሷም ልጁን ለሌሎች አሳዳጊዎች ልትሰጥ እየተጓዘች ነበር። ቻርሊ የሚባል የሙዚቃ ባንድ ተጫዋች አለ፤ ዝናው ያለፈበትና የሄሮይን ሱሰኛ ነው። እነዚህ ሁለቱ ይቀራረባሉ።

የቻርሊና የሕፃኑ ግንኙነት የሚጀምረው ሕፃኑ ሳይወለድ ነው። ክሌር የለውዝ ቅቤ ታምራለች። ቻርሊ ፈልጎ አጥቶ ባዶ ማሰሮ ያመጣላታል፤ ሁለቱም በውስጡ ቅቤ ያለ እያስመሰሉ ጣታቸውን እየነከሩ ይልሳሉ። ትንሽ ትዕይንት ናት፤ ነገር ግን ሰውየው ወደ ልጁ የሚገባበትን በር ታሳየናለች። በሩ እናቲቱ ናት። ላልተወለደው ልጅ የሚሰጠው ነገር ሁሉ በእርሷ በኩል ያልፋል። ክሌር በሌላ ሰው ስትጠለፍም ቻርሊ አብሯት ተወስዶ፣ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ ከሞት አፋፍ ይተርፋል።

ሕፃኑ ይወለዳል፤ አሮን ይባላል። አንድ ቀን ክሌር እንድትተኛ ቻርሊ ሕፃኑን ይቀበላታል። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ አይባበልም። ቻርሊ ሁሉን ሞክሮ ሳለ፣ ሕፃኑ ሶየር የተባለውን ቁጡና ተንኮለኛ ሰው ድምፅ ሲሰማ ዝም ይላል። ቻርሊም ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ያንን ሰው ለምኖ ስለ መኪና የተጻፈ መጽሔት ለሕፃኑ እንዲያነብለት ያደርጋል። እኔ በዚህ ድራማ ውስጥ ቻርሊ ለአሮን ከሁሉ ይበልጥ አባት የሆነው በዚህ ጊዜ ነው እላለሁ። የሕፃኑን እንቅልፍ ከራሱ ክብር አስቀደመ። ያባበለው ሌላ ሰው ቢሆንም አልከፋውም።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይበላሻል። ሕፃኑ ተሰርቆ ቻርሊ ሲያስመልሰው፣ በመንገዱ ላይ በቅድስት ማርያም ሐውልቶች ውስጥ የተደበቀ ሄሮይን ያገኛል፤ አንዱን ሐውልት በድብቅ ይዞ ይመለሳል። ሕፃኑን ያዳነበት ጉዞና ውሸቱን የጀመረበት ጉዞ አንድ ነው። ክሌር እውነቱን ስታውቅ ከእርሷና ከሕፃኑ እንዲርቅ ትነግረዋለች። ቻርሊ ደግሞ አሮን አደጋ ላይ ነው የሚል ሕልም ያያል፤ ሕፃኑ መጠመቅ አለበት ብሎ ያምናል። ሰውን ለማዘናጋት እሳት ለኩሶ፣ እናቲቱ ሳትፈቅድ ሕፃኑን ይዞ ወደ ባሕሩ ይገባል። ሰዎች ከብበው ሕፃኑን ያስለቅቁታል፤ ጆን ሎክ የተባለው ሰውም ይመታዋል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ቻርሊ በዚያ ሌሊት ክፉ አሳቢ አልነበረም። ሕፃኑን እንደሚያድነው በቅን ልቡ ያምናል። ታዲያ ጥፋቱ ምን ላይ ነው? በእኔ አረዳድ ጥፋቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ያልተሰጠውን ሥልጣን ወሰደ፤ መጠመቅን የመሰለ ስለ ልጅ የሚደረግ ትልቅ ውሳኔ እናቲቱን አልፎ ወሰነ። ሁለተኛው ይበልጥ የተደበቀ ነው፤ ቻርሊ ሕፃኑን ለራሱ ፈውስ ይፈልገዋል። «ይህን ልጅ ካዳንኩ እኔ ንጹሕ እሆናለሁ» የሚል ስሌት በልቡ አለ። ሕፃን ግን የማንም ስርየት መሣሪያ ሊሆን አይገባም። ሸክሙን ሊሸከም የማይችል ትከሻ ላይ የራስን ሸክም መጫን ነውና። ጥምቀቱ በኋላ ይፈጸማል፤ ነገር ግን ኤኮ በተባለው ሰው እጅ፣ በእናቲቱ ፈቃድ፣ እርሷም አብራ ተጠምቃ ነው። ድርጊቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የማን ፈቃድ እንዳለበት ነው።

መጨረሻው ይታወቃል። ቻርሊ ቀስ በቀስ የክሌርን እምነት ያገኛል። በሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ፣ እርሱ ቢሞት ክሌርና አሮን ከደሴቱ እንደሚወጡ ይነገረዋል። ወደ ሞቱ ሲሄድ ከወንድሙ የወረሰውን ቀለበት በሕፃኑ አልጋ ውስጥ ትቶ ይሄዳል። ማንም አላየውም፤ ምንም አልጠየቀም። ቀለበቱ በቤተሰቡ ውስጥ ሲወራረስ የመጣ ነው። ስለዚህ ያለ ቃል «አንተ የእኔ ወገን ነህ» ማለቱ ነው።

ሐመር፦ ቦታው ባዶ ያልሆነበት አገር

ይህን ታሪክ ለአንድ የሐመር ሽማግሌ ብንነግረው ምን ይላል? ምናልባት በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ለልጅቱ ከብት የሰጠ ማን ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ቀልድ አይደለም፤ የጉዳዩ ቁልፍ ነው።

የሐመርን ኑሮ በጽሑፍ ካቆዩልን ሰዎች መካከል ጂን ሊዳልና ኢቮ ሽትሬከር ይገኙበታል። ከ1970 (በፈረንጆች) ጀምሮ በሐመር ኖረው በ1979 ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳትመዋል። ከሦስቱ አንዱ ባልዳምቤ የተባለው የሐመር ሰው የሕዝቡን ሥርዓት በራሱ አንደበት የሚያስረዳበት ነው። ሽትሬከር በጂንካ ከተማ ኮረብታ ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ የምርምር ማእከልና ሙዚየም በማቋቋምም ይታወቃሉ። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። ሐመር ቴሌቪዥን ተመልካች ከመሆኑ በፊት ራሱ በቴሌቪዥን ታይቷል። ሊዳል ከጆአና ሄድ ጋር ያዘጋጀቻቸው ሦስት ፊልሞች ከ1990 እስከ 1994 ባሉት ዓመታት በቢቢሲ ቀርበዋል፤ በ2001 ደግሞ ከልጇ ጋር ስለ ዱካ፣ ባሏ ሁለተኛ ሚስት ስላገባባት የሐመር ሴት፣ ሌላ ፊልም ሠርታለች። የሩቅ አገር ሰው የዱካን ቤት እያየ ተከራክሯል፤ ዛሬ እኛ የክሌርን ቤት እያየን እንከራከራለን። ብድር ተመለሰ ማለት ነው።

በሐመር ሥርዓት ወንድ ልጅ ከብት ዘሎ ለጋብቻ ይበቃል። ጋብቻው የሚጸናው ለሙሽራይቱ ቤተሰብ በሚሰጠው ከብትና ፍየል ነው፤ ክፍያው ረጅም ዓመታት ይወስዳል። ሴት ግን በሥርዓቱ የምታገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባሏ ቢሞትም የእርሱ ሚስት እንደሆነች ትኖራለች፤ የሟቹ ወንድም ኃላፊነቱን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የምትወልዳቸው ልጆችም የሟቹ ልጆች ተብለው ይቆጠራሉ፤ በስሙ ይጠራሉ፣ ከከብቱ ይወርሳሉ።

የማኅበረሰብ ጥናት ሰዎች ወላጅንና አባትን ይለያሉ። ወላጅ ዘሩን የሰጠ ነው፤ አባት ማኅበረሰቡ «የእገሌ ልጅ» ሲል ስሙ የሚጠራው ነው። በእኛ አገር በጋምቤላ፣ ከድንበሩ ማዶም በደቡብ ሱዳን የሚኖረው የኑዌር ሕዝብ ተመሳሳይ ሥርዓት እንዳለው እንግሊዛዊው ኤቫንስ ፕሪቻርድ በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር አስረድቷል። ነገሩ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢም እንግዳ አይደለም። በመጽሐፈ ሩት ቦዔዝ ሩትን ሲያገባ የሟቹን ስም በርስቱ ላይ ለማስነሣት እንደሆነ በሽማግሌዎች ፊት ይናገራል። ልጁ ሲወለድም ጎረቤቶች «ለኑኃሚን ወንድ ልጅ ተወለደላት» ብለው ይናገራሉ።

አሁን ሁለቱን እናነጻጽር። በደሴቱ ላይ የአባት ቦታ ባዶ ነው፤ ቻርሊ ይገባበት ይሆን ወይ ብለን እንጨነቃለን። በሐመር የባሏ የሞተባት ሴት ቤት ውስጥ ግን የአባት ቦታ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ሟቹ ተቀምጦበታል። ስለዚህ ወደዚያ ቤት የሚገባ ወንድ «አባት ልሁን ወይስ አልሁን?» በሚል ጥያቄ አይፈተንም። የእርሱ ድርሻ መጠበቅ፣ ማረስ፣ ከብቱን ማገድ፣ ልጁን ማሳደግ ነው። ልጁ የእርሱ ስለሆነ ሳይሆን የወንድሙ ስለሆነ ያሳድገዋል።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጸጋ ልጁን በአዋቂዎች ስሜት ላይ አለማንጠልጠሉ ነው። እናቲቱና ሰውየው ቢጣሉ ልጁ አባቱን አያጣም። አሮን ግን እናቱና ቻርሊ ሲጣሉ ቻርሊን ወዲያው ያጣል። ዘመናዊው ድራማ የሚያሳየን አባትነት በፍቅር ብቻ የቆመ ነው፤ ፍቅር ሲናጋ አብሮ ይናጋል። የሐመሩ በከብት፣ በስምና በወገን ላይ ስለቆመ ነፋስ አያነቃንቀውም።

ያው አጥር የሚዘጋበት ልጅ

ነገር ግን ሥርዓቱን አሞግሼ ብቻ ብሄድ እውነቱን ግማሽ አደርገዋለሁ። በዚህ አዳራሽ ያለን ሁላችንም የምናውቀው ሌላ ገጽ አለው።

አባትነት በሥርዓት የሚሰጥ ከሆነ፣ ሥርዓቱ ሳይፈጸም የተወለደ ልጅ ምን ይሆናል? በሐመር፣ በበና እና በካራ ዘንድ «ሚንጊ» የሚባለው እምነት መልሱን ሰጥቶ ነበር። የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን፣ እንዲሁም ከጋብቻ ውጭ ወይም ተገቢው ሥርዓት ሳይፈጸም የተፀነሰ ሕፃን ለማኅበረሰቡ ድርቅና መቅሠፍት ያመጣል ተብሎ ይፈራል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ሕፃናት ለሞት ተዳርገዋል። የሟችን ልጅ አጥብቆ የሚጠብቀው አጥር፣ ያላገባችውን ልጃገረድ ልጅ ደጅ ላይ ይዘጋበታል። አጥሩ አንድ ነው።

ይህን ለመለወጥ የተነሡት ከውጭ የመጡ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ከካራ ሕዝብ የተወለደው ላሌ ላቡኮ ሕፃናቱ የሚያድጉበት ቤት በጂንካ አቋቁሟል፤ ከሽማግሌዎች ጋር ረጅም ውይይት ከተደረገ በኋላም የካራ ማኅበረሰብ በ2004 ዓ.ም. ድርጊቱን ማስቀረቱን አውጇል። ውሳኔው የሽማግሌዎች በመሆኑ ትልቅ ትምህርት አለው፤ ሥርዓትን የሠራ ማኅበረሰብ ሥርዓትን ሊያሻሽል ይችላል።

ለዛሬው ርእሳችን ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። የተረፈችው ልጅ ታድጋለች፤ እናቷም ነገ ሌላ ወንድ ትወድ ይሆናል። ያ ወንድ በጉዳዩ ላይ ወሳኝ ሰው ነው። «የእሷን ልጅ አላስጠጋም» ካለ፣ ሕግ ያተረፋትን ሕፃን ቤት ያባርራታል። «ትምጣ፣ ከማዕዴ ትብላ» ካለ ደግሞ፣ ከአማርኛችን ቃል የመጀመሪያ ትርጉም ጋር ታርቆ እውነተኛ የእንጀራ አባት ይሆናል።

ሕጉ የት ላይ ይቆማል?

ስለ ሕግ በአጭሩ ልናገር። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለ ሕፃናት በሚወሰድ እርምጃም የሕፃኑ ደህንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል።

በፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና የሚስቱ ልጅ በጋብቻ ዝምድና ይተሳሰራሉ። ይህ ዝምድና ሁለት ነገር ያስከትላል። አንዱ ክልከላ ነው፤ ሰው የሚስቱን ልጅ ሊያገባ አይችልም። ሌላው ግዴታ ነው፤ የቀለብ ግዴታ በቀጥታ መስመር ባለ የጋብቻ ዝምድናም ይዘረጋል። አባትነትን ግን አይፈጥርም። የእንጀራ አባት ልጁን በሕግ ልጁ ማድረግ ከፈለገ መንገዱ ጉዲፈቻ ነው፤ ይህም በፍርድ ቤት መጽደቅ አለበት። ሕጉ የትዳር ጓደኛን ልጅ በጉዲፈቻ መቀበልን ይፈቅዳል። ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅም ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር አይቋረጥም። ይህን ነጥብ አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ በሕጋችን አዲስ አባት ማግኘት የቀድሞውን አባት መሰረዝ አይደለም። በዚህ ረገድ ሕጉ ለሐመር ሽማግሌ አስተሳሰብ ከሚጠበቀው በላይ ይቀርባል።

ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ጉዳይ ያለው ሰው ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ወይም ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሄዶ በዚህ አካባቢ የሚሠራበትን ሕግ አስቀድሞ እንዲጠይቅ እመክራለሁ።

ማጠቃለያ

ከደሴቱም፣ ከመንደሩም፣ ከሕጉም የተማርነውን በሦስት ነጥብ ልሰብስብ።

አንደኛ፣ ወደ ልጁ የሚወስደው መንገድ በእናቱ በኩል ነው። ፈቃዷን ያለፈ ቸርነት፣ ቅን ቢሆንም፣ ቻርሊ ሕፃኑን ይዞ ባሕር እንደገባበት ሌሊት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የቀድሞው አባት ቦታ መከበር አለበት። ሞቶም ይሁን ሄዶ፣ ስሙን ከልጁ አፍ ማጥፋት የአዲሱን ሰው ቦታ አያሰፋም። የሐመር ሥርዓት ይህን ከማናችንም ቀድሞ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ ልጁ የማንም ማስረጃ አይደለም፤ የእናቲቱን ፍቅር ማሸነፊያም፣ የራስን ኃጢአት መደምሰሻም፣ በሰው ፊት ደግ መባያም አይደለም። ልጅ የሚፈልገው ነገር ትንሽና በየቀኑ የሚደጋገም ነው፤ የሚበላ፣ የሚያባብል ድምፅ፣ ነገም ተመልሶ የሚመጣ ሰው።

ከተሳታፊዎች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

*ጥያቄ (አንድ ሽማግሌ፣ በአስተርጓሚ)፦* ያ ሰውየ ለሕፃኑ ቀለበት ትቶለት ሄደ ብለሃል። ማንም ሳያይ የተሰጠ ነገር እንዴት ስጦታ ይሆናል? ነገ ልጁ «የእገሌ ነኝ» ቢል ማን ይመሰክርለታል?

*መልስ፦* አባቴ፣ ይህ ጥያቄ ንግግሬን ከእኔ በተሻለ ጠቅልሎታል። በድራማው ውስጥ ቀለበቱ ልብ ይነካል፤ ለተመልካች ነው የተሰጠው ማለት ይቻላል፤ ምስክሩ ተመልካቹ ነውና። በኑሮ ውስጥ ግን እርስዎ እንዳሉት ምስክር ያስፈልጋል። በታሪኩ ውስጥ አሮን በኋላ በሌላ ሴት እጅ ለጥቂት ዓመታት ያድጋል፤ ስለ ቻርሊ የሚነግረው ሰው አጠገቡ የለም። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ የሚስታችሁን ልጅ ካሳደጋችሁ በሽማግሌዎች ፊት ተናገሩት፣ በሕግም አጽኑት። በልብ ብቻ የተያዘ አባትነት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

*ጥያቄ (አንዲት የመሰናዶ ተማሪ)፦* የእንጀራ አባት ልጁን መቅጣት ይችላል?

*መልስ፦* ማረም ይችላል፤ አብሮ የሚኖር አዋቂ ሁሉ ሕፃንን ከእሳትና ከገደል ይመልሳል። ሕገ መንግሥቱ ግን ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ከዚያ ባለፈ ሥልጣን ከእምነት በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ያባበለ ሰው ቢቆጣ ልጁ ይሰማዋል፤ ሳያባብል የተቆጣ ሰው ግን ለልጁ ከቤት የገባ እንግዳ ነው።

*ጥያቄ (አንዲት እናት)፦* ልጄ እኔን ያገባኝን ሰው ምን ብላ ትጥራው?

*መልስ፦* ልጅቱ እንድትመርጥ ጊዜ ስጧት። አንዳንድ ልጅ በስም ይጀምርና «ጋሼ» ይላል፤ አንድ ቀን ማንም ሳያዘው «አባዬ» ብሎ ይጠራል። ቃሉ ሲመጣ በአዋቂ ትእዛዝ ካልመጣ ብቻ ነው ዋጋ የሚኖረው።

ገበያው ሞቋል፤ ፍየሎቹም ጠብቀውናል።